ካውያ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ስንፈታ፣
ፒያሳ፣ ከፈረሰው ሠፈር በተረፈች ኬክ ቤት፣ የጥግ ቦታ፣
አራት ሰው እንሆናለን፤ የሚታዘዘው ግን ሁለት ማኪያቶ ነው፤
ሁለቱን ባዶ ብርጭቆ አስተናጋጇ ሳንጠይቃት ነው የምትጨምረው።

ጋሽ ይርጋ ጡረተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊልም ያጫወተ፣
በአንዲት የግድግዳ ቀዳዳ ዓለምን የተመለከተ።
አቤሴሎም ተማሪ ነው፤ ፍላሹን በአንገቱ ያሰረ እንደ ማተብ፣
ምሳ ቢቀር የማይከፋው፣ ፊልም ሲቀር የሚራብ።
እኔ የመድን ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ እኔ ይኼ ይበቃል።
ምንትዋብ ግን አፏን ስትከፍት፣ ከጎረቤት ጠረጴዛ ያንቀላፋው ይነቃል።

«ዝም ያለ ፊልም እወዳለሁ» ይላል አቤሴሎም፤ «ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ብቻ
ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ዛቻ።»
«ሰባት ደቂቃ?» ይላል ጋሽ ይርጋ፤ «በኛ ጊዜ ቢሆን ሕዝቡ ይነቅል ነበር ወንበር፤
‹ሌባ! ቆረጥከው!› እያለ ይደበድብ ነበር የጓዳዬን በር።»
እኔም ስለ ጃፓኖቹ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደርጋለሁ፤
ግማሹን እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ አልናገርም፤ «ረጋ ያለ ነው» እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው፤ ዝናቡ የኬክ ቤቷን ቆርቆሮ ሲወቅጥ፣
ምንትዋብ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ጸጥ።
«አንድ ፊልም አለ» አለች፤ «ከወዲያ፣ ከሰሜን ባሕር አገር የመጣ።
አንዲት ሴት ሸሚዝ ትተኩሳለች። በቃ። ሌላ ሰው የለም፣ የሚገባ የሚወጣ።
ሰማንያ ደቂቃ። የወንድ ሸሚዝ ነው፤ ኮሌታው፣ ክንዱ፣ ጠርዙ፣ ቁልፉ፤
መብራት ይሄዳል፤ ትጠብቃለች፤ ሲመጣ ትቀጥላለች፤ ሌላ የለም ትርፉ።
መጨረሻ ላይ ሸሚዙን ትሰቅልና ትቀመጣለች ፊት ለፊቱ፣
እንደ እንግዳ ታየዋለች፤ የካውያው ገና አልበረደም ትኩሳቱ።»

ዝም አልን። የዝናቡ ድምፅ ብቻ፤ እኛ ለአፍታ የለንም፤
በሰሜን ባሕር አገር መብራት ይሄዳል እንዴ? ብሎ የጠየቀ የለም።

አቤሴሎም፣ «አይቼዋለሁ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፤
«መጨረሻው ትንሽ ተንዛዛብኝ» አለ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ አድርጎ።
ጋሽ ይርጋም፣ «እኔ ራሴ ነኝ ያሳየሁት፣ በደርግ ጊዜ፣ ለዲፕሎማት ብቻ፣ ለአንድ ማታ፤
ጥቁርና ነጭ ነው።» «ባለ ቀለም ነው!» ተነሣ እሰጥ አገባ፣ ጠረጴዛ ተመታ።
እኔስ? እኔ ደግሞ፣ «ብርሃኑ» አልኩ፤ «ያ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን።»
መስኮት ይኑረው አይኑረው ሳላውቅ፤ አፌ ቀደመው ልቤን።

ምንትዋብ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። አልሳቀችም።
ሁለት ሐሙስ ታገሠች፤ በሦስተኛው አልቻለችም፦
«የለም እኮ» አለች። «ፊልሙ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣
አንድ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የገጣጠምኩት።»

አቤሴሎም የፍላሹን ክር ነከሰ። ጋሽ ይርጋ ሒሳብ ጠራ፤
ከተዋወቅን የመጀመሪያው ነው፤ የአራታችንንም ከፈለ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና፣
«ቢሆንም ጥቁርና ነጭ ነው» አለ፣ ድምፁን ሳያጠራ።

ያን ማታ በእግሬ ወረድኩ፣ በራስ መኰንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ፤
የመንገዱ አዲስ መብራት አስፋልቱን ወተት ቀብቶት፣ ሌሊቱ ቀን መስሎ።
አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ነበር፣ በሩ ገርበብ ያለ፤
እንፋሎት መስተዋቱን እየሸፈነ እየገለጠ፣ እንደ መጋረጃ የዋለለ።
ሴትዮዋ የዘበኛ ዩኒፎርም ትተኩሳለች፤ ኮሌታ፣ ክንድ፣ ኪስ።
ቆምኩ። አንድ ደቂቃ። ሦስት። አዎ፣ ትንሽ ይንዛዛል፤ ግን እግሬ እምቢ አለ መንቀሳቀስ።
ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ዘግተናል» አለች፤ «ነገ ና።»
«እሺ» አልኩ። ጥቂት ርቄ ዞሬ ሳይ፣ የቤቷ መብራት ጠፋና
የመንገዱ ብርሃን በመስኮቱ ገባ።

ካውያዋን እንደያዘች፣ ቆማ ትጠብቃለች።