ምድር ቤት ያለችው ባሕር

ባሌ ሉቦር ማለት የኦስትራቫ ሰው ነው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል የፈለጠው።
ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ መብራቱን ሲያስረክብ፣
ምድር ቤት ወረደ ባሕር ሊሰበስብ።
ባሕር የሚባል ነገር የለም በእኛ አገር፤
ያለን አንድ ወንዝ ነው፣ እሱም ጥቁር ነበር።

የቤቱን ወጪ ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ፤
«ርካሽ ነው» የሚል ቃል ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ።
መጀመሪያ ያመጣው የመስታወት ገንዳ፣
ኤሊ የሞተችበት፣ ጥጉ የተጎዳ፣
ስልሳ ሊትር የሚይዝ፣ ከኦፓቫ ሰውዬ፣
መቶ ሃምሳ ኮሩና፤ ጻፍኩት «ድንች» ብዬ።

በሲሊኮን ጥጉን ሲለጥፍ አመሸ፣
ጀርባውን ጥቁር ቀብቶ የሠርጌን ፎጣ አበላሸ።
መብራቱ ሰማያዊ፣ የርካሽ ርካሽ ነው፣
ከሥሩ የቆመን ሰው ሬሳ የሚያስመስለው።
ቁርጥራጩ የሚቆምበት መደርደሪያ ሲያጣ
ከተዘጋው ቢሮ ጣሪያ ፍርግርግ ነቅሎ መጣ።

ጨው ላይ ግን አይቀልድም።
የወጥ ቤቴን ጨው ባቀርብ እጄን ገፍቶ መለሰው፤
ስምንት መቶ የከፈለበትን ባልዲ አምጥቶ አፈሰሰው።
ሠላሳ አምስት ግራም ለአንድ ሊትር እያለ፣
ድሮ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ሲለካ እንደዋለ፣
ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ።
እኔ ከደረጃው ላይ፦ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ሟሟ፣
ያለዚያ ድንጋይ ነህ!» አልኩ። ሳቀ፤ ሳሉ ብቻ ተሰማ።

ከዚያ አንድ ሽሪምፕ ጣለ፣ እንዲበሰብስ ብሎ፤
ወር ሙሉ ባዶ ውሃ ሲያይ ያመሻል ውሎ።
«ምን ታያለህ?» ስለው «የማይታየውን ነው»፤
ቡናማ ዝቃጭ ወጥቶ አሸዋውን ሸፈነው።

በረዶው ሲቀልጥ ነው ኮራሎቹ የመጡ፣
አምስቱም በእርጎ ዕቃ፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ።
ሙጫ ጠብ አድርጎ ድንጋይ ላይ ሲያጣብቃቸው
«አክታ ነው የሚመስሉት» አልኩ፣ ገና ሳያቸው።

ያን ሰሞን ሳንባው ያዘው፣ በአምቡላንስ ወሰዱት፤
እሱ ከጉድጓድ ቢወጣም ከሰሉን ከእሱ መች አወጡት?
ከሆስፒታል ሲደውል ስለ ራሱ መስሎኝ
ልቤ ቆሞ አነሳሁት። «ውሃ ጨምሪ» አለኝ።
«ጨው እንዳትነኪ አደራ፤ የሚተነው ውሃው ነው፤
ጨው የትም አይሄድም፣ ታች ነው የሚቀረው።»

ማታ ማታ ወረድኩ፣ ፒጃማዬን እንደለበስኩ፣
በማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ እስከ ምልክቱ አደረስኩ።
ዘጠነኛው ሌሊት፣
ያ አክታ ያልኩት ነገር ጣቶቹን ፈታ፣
አረንጓዴ፣ የክር ያህል፣ እልፍ በአንድ ቦታ፣
ወዲህ ሲሉ፣ ወዲያ ሲሉ፣
ነፋስ በማይገባበት ቤት፣ ነፋስ እንዳለ ሁሉ።
ወንበሩን ሳብኩና እንደ እሱ አጎንብሼ ተቀመጥኩ፤
ስንት ሰዓት እንደቆየሁ ዛሬም ድረስ አላወቅኩ።

ተመለሰ፤ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጎማ ታስሮ፤
ለእሱ ፓምፕ፣ ለባሕሩ ፓምፕ፤
ቤቱ ያነጋል ሲያንጎራጉር አድሮ።

በኅዳር ያ አረንጓዴ ከድንጋዩ አልፎ ፍርግርጉ ላይ ወጣ።
መቀሱን፣ ዶሮ የምበልትበትን፣ ከወጥ ቤት አመጣ።
«አንቺ ቁረጪው» አለኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።
«ያመዋል?» ስለው፣ «እንጃ። ግን ይበቅላል።»

ቆረጥኩ።
የሦስተኛ ፎቁ ልጅ፣ ማቶውሽ፣ በኪስ ገንዘቡ ገንዳ የገዛው፣
ቁራጩን በእርጎ ዕቃ አቅፎ ደረጃውን ሮጦ ወጣው።
ሃያ ኮሩና ሰጠኝ፤ አልቀበልም አላልኩም፤
«ገቢ» በሚለው ዓምድ ሌላ የጻፍኩት የለኝም።

ዛሬ የመብራት ሂሳብ መጣ። ሉቦር አላየውም።
«ድንች» ብዬ ጻፍኩት።
ዘንድሮ ድንች ተወዷል፤ ሌላ ምንም አልልም።