ዝም ያለ መስኮት

ሄርማታ ተቀምጬ፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲደበድብ፣
ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፕሮግራም ሳስብ፣
ዓይኔ ላይ የምትመጣው ነኢማ አባ ፎጊ ነበረች፤
ማውሱን እንደ ጫጩት፣ እንዳይሞትባት የያዘች።

ስለዚህ አፍ ሰጠሁት።
«እዚህ የታማሚው ስም፣ እዚህ ጋ የአያት፤
ብትሳሳቺ አይዞሽ፣ መመለሻዋ በስተግራ ናት።»
ቁልፉን እንደ በር አሰፋሁት፤
እጅ ይዞ እንደሚያሻግር ሰው፣ አዌቱን በክረምት፣
አንድ በአንድ ምራት አልኩት።

ጆሮም ሰጠሁት፦
«ጣቷ ሲፈጥን ቁጠር፤ ስታመነታ ጠብቅ፤
አንዴ ባወቀችው ነገር ደጋግመህ አታስጨንቅ፤
እሷ በቀረበች ቁጥር አንተ ጥቂት ራቅ።»

ራቀ።
በመስከረም ምክሩ ቀረ፣ በኅዳር ሥዕሉ፤
በጥር አንድ ባዶ መስመርና የጣቷ ኳኳታ ነበር ሁሉ።
እስከ ግቢው በር የሚጠማዘዘው ሰልፍ፣ ያ የማያልቀው፣
ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ ኮራሁ፣ ልጁን እንደ ዳረ ሰው።

አንዴ ብቻ ተቆጣች፤ ፕሮግራሙ አውቄያለሁ ብሎ
የምታዘወትረውን ቁልፍ ወደ ላይ ቢያመጣው አንከብሎ።
«እጄ የሚያውቀውን በር ሌሊት ማን አዛወረው?»
መለስኩት። መደበቅ ይቻላል፤ ማዛወር ነውር ነው።

በሐምሌ፣ መብራት ሄዶ በመጣበት ሌሊት፣
ሰርቨሩን ላነሳ ከአጂፕ በባጃጅ ወረድኩ።
ነኢማ ወልዳ ቤቷ ናት። ወንበሯ ላይ ሳቢት፣
ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ፤
የራሱ የይለፍ ቃል ገና ስላልተፈቀደ
በእሷ ስም ገብቷል።
ስክሪኑም ነኢማ መስሎት ዝም ብሎታል፤
ባዶው መስመር ብልጭ ድርግም ይላል።
ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት እናት፣ የሚያተኩስ ሕፃን አዝላ፣
ስሙን ትናገራለች፤ ትደግማለች፤ ሦስተኛውን ግን ዝግ ብላ።

ላብ አጠመቀኝ። ልናገር ስል ልጁ አንገቱን አሰገገ፤
ከስክሪኑ ጎን የተለጠፈች ካርቶን ነበረች፣
ከመርፌ ማሸጊያ የተቀደደች፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከላይ አማርኛ፣ ከታች ኦሮምኛ፦
«እዚህ የታማሚው ስም፣ እዚህ ጋ የአያት።
ዕድሜውን ካላወቀ አታስጨንቀው፤ ስንት ክረምት አየህ በል፣ ገምት።
ብትሳሳት አይዞህ፣ መመለሻዋ በስተግራ ናት።»

የኔው ቃል። እኔ ያጠፋሁት፤
ማን እንደሚመጣ አስባ፣ እሷ ያስቀመጠችው።

ጎህ እስኪቀድ ጥጉ ላይ አንዲት ቁልፍ ሠራሁ፤
የማትርቅ፣ የማትዛወር።
ስም ፈልጌ ቆየሁ። «አይዞን» አልኳት።
ካርቶኗን ግን አላነሳኋትም።