ኮመዲኖ

ሉባባ ከቦሎኛ ይዛ የመጣችው
ወርቅ አይደለም፣ ሽቶ አይደለም፣ ጎረቤት እንደጠበቀው፤
አንድ ካርቶን መጽሐፍ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
ጥግ ጥጉን እርጥበት የነካው፣ ጠርዙ የጠቆረ።
እናቷ ገልጣ አየች፣ እሥሩ ድረስ ዳሰሰች፣
«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ለዚህ?» ብላ ዝም አለች።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሉባባ ያጠበቻት፣ ያበላቻት አሮጊት፣
ሲኞራ ኢርማ፣ እግሯ የከዳት፣ ዓይኗ የደከመባት፣
ስትሞት የተናዘዘችላት ይኸው ነው፤ ሴቶች የጻፉት።
ቤቱንማ ልጆቿ ተካፈሉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቧንቧ ውሃ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዷል፤
ያሰጣሁት አንሶላ እንደገና ረጥቧል።
ሉባባ በርጩማ ላይ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ፣
መስመር በመስመር ትፈታልኛለች ያንን መጽሐፍ።

አንዲት ሴት አለች፣ ትለኛለች፣ በአንድ ከተማ፣
ባሏ ሲበላ ቆማ፣ ልጇ ሲተኛ ቆማ፣
ለቅሶዋን በሽንኩርት አሳብባ፣ ማንም ሳይሰማ።
ማታ ማታ ሒሳብ ትይዛለች፣ የሥጋ፣ የከሰል፣ የጫማ።
አርባ ሊሬ ይጎድላል።
አንድ ምዕራፍ ሙሉ አርባ ሊሬ ይፈለጋል።

እኔ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየማለዳው
ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ሆዴን እየገለበጠው፤
የጎደለ ብር ሰው እንዴት እንደሚያሳድር አውቃለሁ፤
መጽሐፍ ይወጣዋል ብዬ ግን ከየት አስባለሁ?

«ቆይ፣ ምን አልሽ?»
                        «ኮመዲኖ።»
«የኛ ኮመዲኖ?»
                        «የነሱ። ይኸው ደግሞ፣ ላቫንዲኖ።»
«ቦርሳስ?» «አለ።» «ካልሲ?» «ሞልቷል! ግማሹ የተቀደደ፣
በኩራዝ የሚጣፍ፣ እናት ዓይን ላይ የከበደ።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀብን።

ያ ቋንቋ ወደኛ ሲመጣ በዚሁ በሐረጎ መንገድ
የጫነው ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን ነው፤ የወንድ፣ ሁሉም የወንድ።
ወታደር አመጣው፣ ሾፌር ተቀበለው፣ ጋራዥ ውስጥ አደገ፣
ሲመሽ እኛ ቤት ገብቶ ከአልጋ ጎን ተሸሸገ፤
መሳቢያ ሆነ፣ ቁልፍና ክኒን፣ የውሃ ደረሰኝ የሚከተትበት።
የሴቶቻቸውን ድምፅ ግን ማንም አልጫነበት።

«የኢርማ አባት» አለች ሉባባ፣ «እዚህ ዘምቶ ነበር፤
ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ደሴ ጉም፣ ስለ ሰፈር።
እናቷ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤
'ሸሚዝህን ማን ያጥብልሃል?'
                        እሱ ስለ በቅሎው ይመልስ ነበር።»

ማን እንዳጠበለት እኔም አላውቅም። ቦርከና ያውቅ ይሆናል፤
የሳሙና አረፋው ስንቱን ስም ይዞ ወርዷል።

መብራት ሄደ። ሉባባ ገጹን አጠፈች።
ከመስኮቱ ኋላ አንዲት ወንበር ሲጥ አለች፤
«አርባው ሊሬሳ?» አለች እናቷ። «አገኘች ወይስ አላገኘች?»

ለካ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ትሰማ ኖራለች።

«አላገኘችም፣ እማ። ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ነጋባት፤
'ልዩ ልዩ' ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋችበት።»

እኔ ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በየወሩ በእጄ እጽፈዋለሁ፣
ስም ያላገኘሁለትን ወጪ ሁሉ እዚያ እጥለዋለሁ፤
ዛሬ ግን አንሶላዬን እንዳቀፍኩ፣ ውሃው ክንዴ ላይ እየወረደ፣
ከአንደበቷ ሲወጣ ጉልበቴ ራደ።

ውስጥ ክብሪት ተጫረ። አልያዘም። እንደገና ተጫረ።
ሻማው ፊቷን ከፍሎ አሳየን፣ ግማሹ ጨለማ ቀረ።
«ልዩ ልዩ» አለች እናቷ፣ ቃሉን እንደ ጥሬ አላምጣ፤
ካርቶኑን በእግሯ ወደራሷ ጎተተችው፣ አንዱን መጽሐፍ አውጥታ
ገለጠችው፣ በተገላቢጦሽ፣ ፊደሉን የማታውቀውን፤
በመዳፏ ጠረገችው፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ ገጹን።

«እሷም?» አለች።