ሠላሳ አንድ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ቁልቁል በሚሄደው፣
ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ በሚወስደው
ቀጭን መንገድ ዳር ላይ፣ ልስኑ የረገፈ፣
«መሽናት ክልክል ነው» የሚል የተጻፈ
አንድ ግንብ አለ።
የኔ ተጋጣሚ እሱ ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ቢሮዬ ሳይከፈት፣
የሥራ ጫማዬን ቋጥሬ በፌስታል፣
የሳልባጅ ራኬቴን፣ እጀታው ላይ
የማላውቀው ሰው ስም የተቀረጸበት፣
ይዤ እቆማለሁ ከግንቡ ፊት ለፊት።

ወገቤን ለክቼ በጠመኔ አሰመርኩ፤ መረቤ ይኸው ነው።
ከመስመሩ በታች ላረፈች ለእያንዳንዷ ኳስ
አምስት ቁጢጥ ብድግ፤
ዳኛውም እኔ ነኝ፣ ተቀጪውም እኔው።

መጀመሪያ ሰሞን ክንድ ነበር የመሰለኝ፤
እግሬን እንደ ችካል ተክዬ ስወነጭፍ
ሊስትሮው ናሁሠናይ ቡሩሹን አስቀምጦ
«እትዬ፣ ዝንብ ነው የምታባርሪው?» አለኝ።

ግን ግንብ አይሰለችም፣ ግንብም አያሾፍም፣
የሰጡትን ብቻ፤ አይጨምር፣ አያተርፍም።
ቸኩዬ ብሰጠው ቸኩሎ ይሰጣል፣
ባጣምም አጣሞ በጎኔ ያመልጣል።

ቀስ እያለ ገባኝ፤ ኳስ በክንድ አይመታም፣
እግር ካልቀደመ እጅ በሰዓት አይመጣም።
ተረከዝ ሳይነካ፣ በጣት፣ እንደ ሌባ፣
ትንንሽ እርምጃ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፤
ወደ ጎን ዞር ማለት፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ትከሻ ቀደም፣
ከመታሁ በኋላ ቆሜ ማድነቅ የለም፤
ወደ መሃል መመለስ፣ እሷ ሳትመለስ።

ቀኜስ ደህና ሆነ። ግራዬ ግን ወይ ፍንክች፤
በሁለት እጅ ይዤም
እንደ ድስት ክዳን ትጮህ ነበር ኳሷ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከግንቡ ወዲያ ሳል ተሰማ፤
ከሳሉ ኋላ ድምፅ፣ እርጅና ያረገበው፣ ግን ጥርት ያለ፦
«ልጄ፣ ግራሽ ትዘገያለች።»

ደነገጥኩ። ግንቡ ከኔ ክንድ ተኩል ይበልጣል፤
ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው፤ በምን ዓይን ያየኛል?
«አላየሁም» አሉኝ። «ዓይኔማ ከከዳኝ ሦስት ዓመቱ።
ሰምቼ ነው።»

አቶ ድንበሩ ናቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በቴሌግራፍ ክፍል
ነጥብና ሰረዝ በጆሮ ሲለቅሙ የኖሩት፤
የጎሬን መርዶ፣ የድሬዳዋን ሠርግ፣
የቡና ገበያ ዋጋ፣ ከመርፌ ቀዳዳ በሚጠብ ድምፅ
ተቀብለው ለባለቤቱ የጻፉት።

«ቀኝሽ እኩል ነው፤ ጠብ ሲል፣ ጧ ይላል።
ግራሽ ላይ ግን ከጠቡ እስከ ጧው
አንዲት ፊደል የምትገባ ክፍተት አለች።
እሷን ዝጊልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ታሳክከኛለች።»

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ነው የሰማሁ፤
ምላስም እንዳለው ያን ጠዋት ነው ያወቅሁ።

ፊደሏን ልዘጋ ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌም ተከተለ፤
ኳሷ ዝናብ ጠጥታ ከበደች፣ ጠጉሯ ረገፈ፣
የጠመኔው መስመር ታጠበ፣ ተሰመረ፣ ደግሞ ታጠበ።
የቸርችል ጎዳና አውቶቡስ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት
ቆጠራው ይጠፋል፤ ለኔም፣ ለእሳቸውም።
«እንደገና» ይላሉ።
እንደገና።

ትናንት ጠዋት ቆጠርኩ፦ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣
ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፤
ቀጣይዋ ክንዴን አታልላ ግንቡን ዘለለች።

ዝም።
የከዘራ ኳኳታ፣ የጣሳ መውደቅ፣ ቀስ ያለ እርምጃ።
ከዚያ ከሰማይ ኳስ መጣች፣
እኔ ያልላክኋት፣
ከፍ ብላ፣ ተዝናንታ፣ ወደ ግራዬ።
እግሬ ከሐሳቤ ቀደመ፤
ሁለት ትንንሽ እርምጃ፣ ትከሻ፣
ጠብጧ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።
«ሠላሳ አንድ!» ልቤ እየመታ፣ ግንቡን ተደግፌ።
«ሠላሳ ነው» አሉ።
«አሥራ ዘጠነኛዋ መሬት ሁለቴ ነክታለች።»