አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት

ከደብረ ብርሃን ወጣን፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ይፍሩ መሪ ይዞ፣ ማሙሸት ከጎኑ
ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩን ሲያስቀድም።
«አያችሁት?» ይላል፣ «ከይፋት ቆላ በኩል፣
እንደ አበባ ጎመን አናቱ ሲፈነዳ፣ ተራራውን ሲያክል!»

ማሙሸት ሠርግ አንሺ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል፣ ሙሽራ የለ፤
በጋውን የኖረው «ጠጋ በሉ፣ ሳቁ» እያለ።
«መብረቅን ግን» ይላል፣ «ጠጋ በል አይሉት፣ አይስቅ፤
ለዚህ ነው የምወደው፤ ያስጠብቃል እንጂ ሰው አይጠብቅ።»

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ውጦት ነበረ፤
ከዋሻው አፍ ወዲያ የከባድ መኪና መብራት ብቻ ቀረ።
ተቀመጥን በጭጋግ፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣
ሌንሱን በጋቢ ጫፍ እየወለወልን፣
ማሙሸት ለካሜራው የፌስታል ኮፍያ ሰፍቶ፣
ይፍሩ ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ አንሥቶ፣
ሸዋርካብሽ ዝም ብላ።

ፊዚክስ መምህር ናት። አራት ክረምት አብራን መጥታለች፤
ባለ ሦስት እግሩን ትተክላለች፣ ታስተካክላለች፣
ትንሿን ሪሞት በመዳፏ ትይዛለች፤
አንድ ቀን፣ አንዴ እንኳ፣ ስትጫናት አላየሁም።
ጠይቄያትም አላውቅም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነፋስ ገባ ከሥር፤
ጉሙን እንደ ቡልኮ ጠቅልሎ፣ ወረወረው ከበር።
ቆላው ያኔ ታየ፣ ከእግራችን በታች፤
ደመናው ተኝቶ፣ ውስጥ ውስጡን ሲበራ፣ ፋኖስ እንደያዘች
ሴት፣ ጓዳ ለጓዳ፣ የጠፋባትን እየፈለገች።

ከሸዋ ሮቢት በላይ አንዱ ወረደ። ሥር ነው የሚመስል፤
ሰማይ እዚህ እኛ አፈር ላይ ሊተከል።
«አገኘሁት!» አለ ማሙሸት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።
የኔ ፎቶ? የኢሱዙ መብራት፣ አንድ ቢጫ መስመር፣
ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ የነደደ ጠጠር።

ሸዋርካብሽ ትቆጥራለች፦
«አንድ ሺህ አንድ... አንድ ሺህ ሁለት...»
ከብርሃኑ እስከ ድምፁ ያለውን ርቀት።
«ሃያ አንድ» ትላለች፣ «ሰባት ኪሎ ሜትር።»
ቀጥሎ «አሥራ አምስት»፣ ቀጥሎ «ዘጠኝ»፣ ድምጿ ሳይቀየር።
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዓይኗን ሳትነቅል፦
«ታናሼ ዘርጋው፣ መሐል ሜዳ በኩል፣
ጽድ ሥር ነበር የቆመው። እናቴ ሌት ከቀን
‹ድምፁን ሰምቶ ይሆን? ደንግጦስ እንደሆን?›
አልሰማም፣ እላታለሁ። ብርሃን ይቀድማል። ድምፅ ለቀሪ ነው።
ይኸው ነው የማስተምረው።»

ይፍሩ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
ማሙሸት የሌንስ ክዳን ያለ ምክንያት ጨበጠ፣ ለቀቀ።

«ስድስት» አለች። «አራት።»
የክንዴ ጸጉር ቆመ፤ የብረቱ እግር እዝ አለ እንደ ንብ፤
«ግቡ!» ጮኸ ይፍሩ፣ «ዕቃው ይቅር! ሰው ነው የሚሰበሰብ!»

ስንሮጥ፣ ስንጋጭ፣ በረዶው እንደ ሽንብራ ሲወርድብን፣
አራታችን ባንድ በር፣ ክርን በክርን፣
ሸዋርካብሽ ከኋላ ሳቀች። የእውነት ሳቀች።
ሪሞቷ በእጇ ነበረች፤ ሳታውቅ ይሆን፣ ተጫነች።

በማግስቱ አየነው፣ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ከሙሽሮች መሐል፤
መብረቁ የለበትም፣ ከጠርዙ ወጥቷል፤
ካሜራው ዘምሟል። ብርሃኑ ግን አለ፦
የመኪናው በር፣ የይፍሩ ጀርባ፣ የተንጠለጠለ
በረዶ በአየር ላይ፣ ያንዳችን ጫማ፣
የኔ አፍ ተከፍቶ፣ የሚጮህ፣ የማይሰማ።

ብዙ አየችው። «አነስ አድርገህ እጠበው፣ ለእናቴ ልውሰድላት፤
አራት ሰዎች ሲሮጡ። ሁሉም እንደገቡ ልንገራት።»

ውጭ፣ ከጠባሴ ወዲያ፣ አንዱ አጉረመረመ፤
ብርሃኑን ያየ የለም፤ ቆጠራው ከየት ይጀመር?
ይፍሩ ቁልፉን አንቀጫቀጨ፤ ማሙሸት ባትሪ ለቀመ።
እኔ ቆሎ ልገዛ ወጣሁ።