ስፌቱ ወደ ውጭ

የሰው ደረት ስለካ ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣
ነጭ ጠመኔ በጣቴ፣ ሜትር በአንገቴ፤
«ትንሽ ቀና ይበሉ፣ ክንድዎን ያንሱልኝ»
ስል ኖሬ ስል ኖሬ
ተራው ለእኔ ደረሰኝ።

ጥቁር አንበሳ፣ ጨረር ክፍል፣
አንድ ልጅ እግር ባለሙያ በሰማያዊ ቀለም
ደረቴ ላይ መስመር ያሰምራል።
«ትንሽ ቀና ይበሉ እማማ፣ ክንድዎን ያንሱ።
ቀለሙን ደግሞ አሽተው እንዳያስለቅቁ።»
እሺ አልኩት።
መቀስ መንገዱ እንዳይጠፋው
እኔም የምጠነቀቀው ለዚሁ ነው።

ግራ ጡቴ የነበረበትን
የሐኪሙን ስፌት በመስታወት አይቻለሁ።
አልነቀፍኩም፤ ቀጥ ያለ ነው፣
ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ሰብስቧል።

ማሽኑ እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣
ድምፁ የጎረቤት ፍሪጅ።
ጥቂት ደቂቃ። ይውጡ። ነገ።
በመጀመሪያው ሳምንት ምንም።
በሁለተኛው ቅላት ቢጤ፤
የቸርችል አቀበት ፀሐይ መስሎኝ
ጃንጥላ ገዛሁ።
በሦስተኛው ገባኝ፦
ካውያ እንደተረሳበት ቴትሮን
ጠየመ፣ ጠቆረ፣
ከብብቴ እጥፋት ውስጥ
እንደ ራሰ ወረቀት ተላጠ።

የግቢው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ።
አንዷ ለጋ ቅቤ፣ አንዷ የሬት ውሃ፣
አንዷ የሕፃን ፓውደር፣
ወንድሜ ጫንያለው ከመርካቶ
ሽታው ሰፈር የሚያውድ ቅባት።
ሁሉንም አመስግኜ መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ።

ሲስተር ለተብርሃን ድምጿን ሳታነሳ፦
«ለብ ያለ ውሃ። ሽታ የሌለው ሳሙና።
አይሹት፣ አይከኩት፤
በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ ያድርጉት።
እኛ ከሰጠንዎት ቅባት በቀር ምንም።
ውሃ የቋጠረውን እኔ አሽገዋለሁ።
መግል ካዩ፣ ካተኮስዎ፣ ነገ አይበሉ፤ ይምጡ።
ጡት መያዣ ይቅር። ጠባብ አይልበሱ።»

ጠባብ አይልበሱ! ለልብስ ሰፊ!
ሳቅኩ። ስስቅ ቆዳው ተሳበ፣
ሳቄን በግማሽ መለስኩት።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል።
ብብቴ ፍም እንዳቀፈ በምን ቋንቋ ልንገረው?
ከለገሃር በእግሬ ወጣሁ፣
ክንዴን ከጎኔ ፈቀቅ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ፤
ያየኝ ሰው
«ዛሬስ ኮርታለች» ሳይል አልቀረም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ሣጥን ከፈትኩ።
የሟቹ ባሌ፣ የየሺጥላ ሸሚዝ፣
ፖስታ ቤት ሲሠራ የሚለብሰው፣
ታጥቦ ታጥቦ የሸረሪት ድር ያከለ ጥጥ።
ኮሌታውን ጣልኩ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣
ብብቱን አሰፋሁ።
ከዚያ እጄ ቆመ፤
ስፌት መደበቅ አይደል ሙያዬ?
ክር ከታየ ገንዘብ የምመልስ ሴትዮ
ገለበጥኩት፦
ለስላሳው ወደ እኔ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ።
ስሙ ለሺ ሰው ጥላ ነበር፤
ለአንድ ብብት በቃ።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ
ከአምቦ የመጣችው ኩለኒ ጠጋ ብላ፦
«እማማ፣ ልብስዎን ገልብጠዋል።»
«አልገለበጥኩም። ንኪው።»
ነካችው። ዝም አለች።
ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ
ጡት መያዣው የበላትን አሳየችኝ።
«የባልሽ አሮጌ ሸሚዝ የለም?»
«ሸሚዙስ አለ፤ ባልየው ነው አልሰጥም የሚለው።»
አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፣
ሁሉም ክንዱን ፈቀቅ አድርጎ።

ከዚያ አንሶላ መጣ፣ የትራስ ልብስ መጣ፣
ዘይነባ የልጇን ዩኒፎርም አመጣች።
ጨረሩ ተበላሽቶ አራት ቀን ቆመ፤
የእኔ ሲንጀር አልቆመ።
ሰባት ሰፋሁ። አንዱ አልጋ ላይ ቀረ፣
ባለቤቷ አልተመለሰችም። አልጠየቅኩም።

«ካለቀም በኋላ ትንሽ ይብሳል» ብላኝ ነበር ሲስተር፣
እውነቷን ነው፣ ባሰ።
አሁን ከሥሩ አዲስ ቆዳ ብቅ ብሏል፣
ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ገለባ፣ የሰው የማይመስል።
ሰማያዊዋ መስመር ግን አለች።
አልሻትም።
ልብሱ ካለቀ ጠመኔው
በራሱ ጊዜ ነው የሚለቅ።