ሩብ ዙር

ከዚራ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፤ ግንቡ ገና ያተኩሳል፣
የቀኑን ሐሩር መልሶ ፊቴ ላይ ይተነፍሳል።
ሸሚዜን አውልቄ፣ ጣቴን በናፍጣ አጥቤ፣
ዊኪው ላይ ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ የፓምፑን ነገር አስቤ።

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ብሎኑን እስከ ጥግ አጥብቅ።»
የጻፈው ሰው ብርድ አገር ነው፤ ድሬን ከየት አባቱ ይወቅ?

እኔ ጻፍኩ፦ «ሩብ ዙር ተዉለት።
ላስቲክም እንደ ሰው ነው፤ በግንቦት ያብጣል፤
መተንፈሻ ስጡት።»
ሦስት ጋስኬት በልቶብኝ የተማርኩት ይኸው፤
አንድ መስመር አልሞላም።
ስሜን ልጨምር አልኩና፣ ለብሎኑ ምኑ ነው?

ከእኔ በላይ ሮብሌ ጽፏል፣ ስለ ደቻቱ ደለል፣
ጎርፍ ሲመጣ ማጣሪያው በምን ጨርቅ እንደሚጠቀለል።
ጡረታ ወጥቷል አሉ።
«ፓምፕ»ን «ባምብ» ብሎ የጻፋት፣
ላርማት ብዬ ተውኳት፤ ድምፁ አለባት።

ጠዋት ስከፍተው፣ ነኢማ የምትባል፣ ከመልካ ጀብዱ፣
ሩቤን ሰርዛ «ሲሶ» ብላለች።
ተናደድኩ።
መፍቻዬን ይዤ ወረድኩ ወደ ጉድጓዱ።

ሲሶ።
ልክ ነች።